ትሑቱ ማሽን

መሥሪያ ቤቱ ባለጉዳዮችን በትሕትና የሚያስተናግድ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሠርቶ በጭብጨባ አስመረቀ። ማሽኑ እውነትም ትሑት ነበር። የመጣው ሁሉ ጥያቄውን ሲጽፍለት፣ «ክቡር ደንበኛችን፣ ነገ ይመለሱ» ይላል። ባለጉዳዩ በማግስቱ ሲመጣም ቃሉን አያጥፍም፤ «ነገ ይመለሱ» ይለዋል።

የቴክኖሎጂ ክፍሉ ኃላፊ እንቅልፍ አጣ። ዋና ዳይሬክተሩ ጠርተው፣ «እስክጎበኝ ድረስ ካልተስተካከለ ወንበርህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» ብለውታል። ወንበሩን ደግሞ ይወደዋል፤ ዙሪያውን የሚሽከረከር ነው።

«ጋሼ፣ የማሽኑን ኮድ ለሁሉም ክፍት እናድርገው» አለች ፕሮግራመሯ። «የትም አገር ያለ ባለሙያ አይቶ ስህተቱን ያርምልናል፤ ያውም በነጻ። የፈለገም ወስዶ ይጠቀምበታል።»

«በነጻ?» ደነገጠ ኃላፊው። «ቢሰርቁንስ?»

«ምኑን ጋሼ? ‹ነገ ይመለሱ› የሚለውን?»

ኃላፊው ፈቀደ። ብቻ ክፍት ነገር ያለ ጠባቂ አያድርም ብሎ አንድ ዘበኛ አስመደበ። ዘበኛውም ዱላውን ይዞ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ የማያውቋቸው ሰዎች ከየአገሩ ተረባረቡ። አንዲት ጡረተኛ የሂሳብ መምህርት የችግሩን ሥር አገኘችው፤ ማሽኑ የተማረው መሥሪያ ቤቱ ለባለጉዳዮች ከሰጣቸው መልሶች ነበር። «ተማሪው ጎበዝ ነው፤ አስተማሪዎቹን ቁርጥ» ስትል ጻፈች። ሌሎቹ ሕጉንና መመሪያውን አስተማሩት። ማሽኑም ጉዳይ መጨረስ ጀመረ፤ ሰልፉ ጠፋ፤ ኃላፊው በደስታ ወንበሩ ላይ ተሽከረከረ።

የጉብኝቱ ቀን ዋና ዳይሬክተሩ ጭር ያለውን አዳራሽ አዩና፣ «ባለጉዳዮቹስ?» አሉ።

«ጉዳያቸው አልቆ ሄዱ፣ ክቡር ዳይሬክተር» አለ ኃላፊው።

«ሁሉም? ታዲያ እኛ ምን እንሠራለን?»

ኃላፊውን ላብ አጠመቀው።

ፕሮግራመሯ ልታድነው ፈጠን ብላ፣ «ክቡር ዳይሬክተር፣ ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ማሽናችንን ወስደው እየተጠቀሙበት ነው» አለች።

የዳይሬክተሩ ፊት በራ። «ክፍት ማድረግ ጥቅሙ ይሄ ነው! ታዲያ ወደዱት?»

«በጣም። ግን የታረመውን የነካ የለም። ሁሉም የወሰዱት የመጀመሪያውን ነው። ‹ከአሠራራችን ጋር ልክክ አለ› ይላሉ።»

ዳይሬክተሩ ወዲያው ወሰኑ። «እኛስ ከሰው በምን እንለያለን? የድሮውን መልሱት። ኃላፊውም ለአገር ላበረከተው አስተዋጽኦ በእድገት ይሾም።»

አዳራሹ በሰልፍ ተሞላ፣ ሥራ ደመቀ። ኃላፊው ደረቱን ነፍቶ፣ እንደማንኛውም ባለጉዳይ የሹመት ደብዳቤውን ሊጠይቅ ማሽኑ ፊት ቀረበ።

«ክቡር ደንበኛችን፣ ነገ ይመለሱ።»

በሳምንቱም ያው ነው። ኃላፊው ግራ ቀኙን ቃኘና ፕሮግራመሯ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለ፤ «እንግዲህ እህቴ፣ ያንን የታረመውን… ሰው ሳያይ፣ ለእኔ ብቻ ትከፍቺልኛለሽ?»

«ጋሼ» አለች እየሳቀች፣ «እሱ እኮ ለሁሉም ክፍት ነው።»