ዘለግ ያለ አማላጅ

[ሮቢት፤ ከጡረተኛው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ከጋሽ ዳዊት ደጃፍ ራቅ ብሎ። የቆቦው ባለባጃጅ ዘካሪያስ መሪውን ጨብጦ ተቀምጧል። ተቀምጦ ላየው ሸጋ ነው፤ ሲወርድ ነው የቁመቱ ጉድ። ለጋሽ ዳዊት ልጅ ለመቅደስ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የቤተሰቡን ሀሳብ አጣርቶ እንዲመጣለት ጓደኛውን ሞላን ይዞ መጥቷል። ሞላ ከኋላ ወንበር ተጣጥፎ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።]

ሞላ፦ ጠፋብኝ። እንደገና በለኝ።

ዘካሪያስ፦ ጭንቅላትህ ወንፊት ነው እንዴ? ጋሽ ዳዊት ለልጃቸው የመጣን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚፈትኑት፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ደግሞ ቁመት ነው። ረጅም ምን ይባላል?

ሞላ፦ ቶል።

ዘካሪያስ፦ እሷን እንዳትነካት! ቶል ለሰው፣ ለዛፍ፣ ለማሽላ ነው። እኔን ቶል ካልክ ነገ ያዩኝ ዕለት ውሸታም ትባላለህ።

ሞላ፦ እሺ፣ ሃይ ልበል?

ዘካሪያስ፦ ሃይ ለዞብል ተራራ ነው።

ሞላ፦ ኧረ ለሽንኩርት ዋጋም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ዘካሪያስ፦ እኔ ሽንኩርት ነኝ?

ሞላ፦ በቁመት ከሆነ እንግዲህ...

ዘካሪያስ፦ ዝም በል! ሎፍቲ ነው የምትለው። እሱም ከፍ ያለ ማለት ነው፤ ግን ለሀሳብ ነው። ሀሳቤ ከፍ ያለ ነው፤ አልዋሸህም።

ሞላ፦ ስለ ቁመት ጠይቀውኝ ስለ ሀሳብ ልመልስ? ለምን «አጭር ነው፣ ግን ደግ ነው» አልልም?

ዘካሪያስ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ሌላ ቤት እንደዚያ ተብሎልኝ፣ «ደጉን ለደግ ይስጥልን» ብለው መለሱኝ። መቅደስን እኮ ስትሳፈር ከባጃጄ መስታወት ውስጥ እያየሁ ነው የወደድኳት። ስሜን እንኳ አታውቀውም። ይቺን ካጣሁ አለቀልኝ፣ ሞላ።

[ሞላ ወደ ጋሽ ዳዊት ቤት ገባ። ዘካሪያስ ቁመቱ ቢረዝምለት ብሎ ፀጉሩን ወደ ላይ ሲያበጥር ቆየ። ሞላ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ።]

ዘካሪያስ፦ ቁመት ጠየቁህ?

ሞላ፦ ጠየቁኝ።

ዘካሪያስ፦ ሎፍቲ አልካቸው?

ሞላ፦ ምን ሎፍቲ አለ! ሁሉም ብን አለብኝ። ሲጨንቀኝ ልወጣ ብድግ ስል ጭንቅላቴ ከጣሪያው ተላተመ። ጋሽ ዳዊት በሳቅ ፈረሱ። «ለጓደኛዬ ነው የሚል ሁሉ ለራሱ ነው፤ እኔም እናቷን የጠየቅሁት ለጓደኛዬ ብዬ ነው» አሉ።

ዘካሪያስ፦ ለዘካሪያስ ነው አትላቸውም!

ሞላ፦ አልኩ እንጂ። «በል ዘካሪያስ፣ ሽማግሌህን ላክ» አሉኝ። መቅደስም ብቅ ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና እየሳቀች ገባች።

[ዘካሪያስ ከባጃጁ ዘሎ ወረደ። ሲወርድ ጭራሽ አነሰ።]

ዘካሪያስ፦ ወይ እኔ! ለአጭር ሰው ረጅም አማላጅ! ቆቦ እንደ እኔ ያለ ጅል አብቅላ ታውቃለች?

ሞላ፦ አይዞህ። ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ለወደፊቱ ግን ካንተ የሚያጥር ሰው ላክ።

ዘካሪያስ፦ ከየት አባቴ ላምጣ!