የሃምሳ አለቃ ነጋሲ ገበቴ

በሬህ ገደል ሲገባ «ድሮስ ያንተ ነበር እንዴ?» የሚልህ ሰው የሌለበት ሰፈር በኢትዮጵያ ምድር አይገኝም። አንተ አንጀትህ እያረረ እሱ ስለ ዓለም ከንቱነት ያስተምርሃል። ሌላው ሰፈር ይህን ሥራ ለንስሐ አባት ወይም ለሰካራም ይተወዋል። የወልድያው አዳጎ ግን ክቡር ሃምሳ አለቃ ነጋሲ ነበሩለት፤ እሳቸው ደግሞ ትምህርቱን ያመጡት ከኮሪያ ነው።

ታሪኩን የማያውቅ አልነበረም። ባለቤታቸው ትብለፅማ ከውዳሴ ማርያም ቀጥላ በቃሏ የምትደግመው እሱን ነው። ሃምሳ አለቃ በጎልማሳነታቸው ኮሪያ ዘምተው ሳለ፣ ከአንድ ተራራ ሥር ራሱን የተላጨ የቡድሃ መነኩሴ በእንጨት ገበቴ ሩዝ ሲለምን ያገኛሉ። የኛን የቆሎ ተማሪ መሰላቸውና ብስኩታቸውን ሰጡት። መነኩሴውም በአስተርጓሚ በኩል፣ የሰው ልጅ መከራ ሁሉ የሚመጣው ሙጭጭ ከማለት ነው፣ የሚያልፈውን ነገር አታልፍም ብሎ ከመያዝ ነው አላቸው። አስተርጓሚው ምን ያህሉን በትክክል እንዳደረሰ እግዜር ይወቅ። ሃምሳ አለቃ ግን ነገሩን አሳጥረው ወልድያ አገቡት፦ «የጨበጡት ይጨብጣል!»

ጎረቤታቸው ሸዋዬ ዶሮዋን ጭልፊት ወስዶባት ስትጮህ ከደጃቸው ብቅ አሉ።

«የጨበጡት ይጨብጣል፣ ሸዋዬ! ጭልፊቱም ያቺን ዶሮ ጨብጦ ይኸው ሲንገላታ ይውላል።»

«ዶሮዬን ይመልስልኝና እኔ ልንገላታ!» አለች ሸዋዬ።

ሰውየው አስተማሪ ብቻ ቢሆኑ ትብለፅ ምን ገዷት። ችግሩ የሚያስተምሩትን የሚያደርጉ መሆናቸው ነው። ዝናብ የያዘው መንገደኛ ካዩ ጃንጥላቸውን፣ ብርድ የያዘው ካዩ ብርድ ልብሳቸውን ይዘረጋሉ። አንድ ቀን የቤቱን መጥረቢያ ለእንጨት ሻጭ ሸልመው፣ ማገዶ የምትፈልጠው ትብለፅ በድንጋይ ስትቀጠቅጥ ዋለች። እሷም በፊናዋ ሥራ አላጣችም። በማግስቱ የተሰጠውን ሰው ደጅ ትቆምና «ሃምሳ አለቃ መጥረቢያውን አውሰውህ ነበር አይደል፣ የኔ ወንድም?» ትላለች። በትብለፅ ቤት የተሰጠ ዕቃ የለም፤ ሁሉም የተዋሰ ነው። እንዲህ ሲሆን ሃያ ዓመት ቤታቸው ሳይራቆት ኖረ።

ያላስመለሰችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በ1967 የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ ሃምሳ አለቃ የኪራይ ቤታቸውን ቁልፍ ይዘው እየሳቁ ቀበሌ ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ተጠራጠረ። እየሳቀ ቤት የሚያስረክብ ሰው ከየት መጥቶ! ወርቅ ቀብረው ነው ተባለና የቀበሌው ጥበቃዎች ጓሮውን ሁለት ቀን ቆፍረው አንድ አሮጌ ጫማ አገኙ። ሃምሳ አለቃ ለቆፋሪዎቹ ጠላ ያቀርቡ ነበር። ትብለፅ ሳምንት አለቀሰች፤ መንግሥትን «አውሰውህ ነበር» አይሉት ነገር።

በ1970 የገብርኤል ማኅበር እሳቸው ቤት የደረሰ ዕለት ነው ጉዱ የመጣው። ትብለፅ ከጎታው ግርጌ ጤፍ ስትዝቅ እጇ አንዲት ትንሽ ጥቁር የእንጨት ገበቴ ነካ። ባሏ ለሰው ሳይሰጧት ተረስታ የቀረች ዕቃ መሰለቻት። ወዲያው ከላስታ በኩል ወደ መርሳ የሚወርዱ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ደጇ ቆሙ፤ ቅላቸው መንገድ ላይ ተሰብሮባቸዋል። ትብለፅ ገበቴዋን ቆሎ ሞልታ ሰጠቻቸውና፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ «ገበቴዋም የእርስዎ ትሁን» አለች። መነኩሴው ሲሄዱ ደረቷ ቀለል አላት። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን እውነታቸውን ነው፣ ብላ ባሏን በጉጉት ጠበቀች።

ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ጠላው ሲቀዳ ነገረቻቸው።

«ዛሬ እኔም ለቀቅኩ! ጎታ ውስጥ የነበረችውን ጥቁር ገበቴ ለመንገደኛ መነኩሴ ሰጠኋት።»

የሃምሳ አለቃ ዋንጫ ከአፋቸው ሳይደርስ ቀረ። «የኮሪያዋን?» አሉ።

ያኔ ሁሉም ገባው። የኮሪያው መነኩሴ ሲሰናበት የራሱን ገበቴ ሰጥቷቸው ኖሯል። ዓለምን ሁሉ ልቀቁ ሲሉ የኖሩት ሰውዬ እሷን ሃያ ስድስት ዓመት ከገዛ ቸርነታቸው ደብቀው፣ ጎታ ውስጥ ጨብጠዋት ኖረዋል። ማኅበርተኛው ዓይኑን ተክሎ ጠበቃቸው።

«የጨበጡት... ይጨብጣል» አሉ በቀጭን ድምፅ።

ትብለፅ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ይህን ቀን ሃያ ዓመት ጠብቃዋለች። ሃምሳ አለቃ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ሳቋ ጠፋ። ሰውየው እንዳይሞቱባት ፈራች። ለመነኩሴ የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ «አውሰውህ ነበር» እንዳትል ደግሞ የሰጠችው ራሷ ናት።

በአራተኛው ቀን ሃምሳ አለቃ ሐራ ለቅሶ አለብኝ ብለው የይለፍ ወረቀት አውጥተው በጠዋት ወጡ። እሷም መነሳታቸውን እያመሰገነች ቀበሌ ሄዳ ጸሐፊውን የይለፍ ወረቀት ጠየቀችው። እህቴን ልጠይቅ፣ ውርጌሳ፣ አለች። አውቶቡሱ ግን መንገድ ላይ መርሳ ሲደርስ ወረደች።

መነኩሴው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ዋርካ ጥላ ተቀምጠዋል። ገበቴዋ ጉልበታቸው ላይ ናት። ከፊታቸው አንድ ሽማግሌ ካፖርቱን አውልቆ ቆሟል፤ ኬላውን ሽሽት በማሳ ለማሳ ዞሮ የመጣ ይመስል ሱሪው እሾህ በእሾህ ሆኗል።

«ካፖርቱ አዲስ ነው፣ አባቴ። ገበቴዋ ግን አሮጌ ናት...»

ትብለፅ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሽማግሌው ዞሩ።

«ለቅሶው መርሳ ሆነ እንዴ?» አለች።

«እህትሽስ ከመቼ ወዲህ መነኮሰች?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

መነኩሴው ሁለቱንም አይተው ተነፈሱ። «ልጆቼ፣ ይህቺ ገበቴ ምን አላት? ጠርዟ ተሰንጥቋል። እንኩ፣ ውሰዷት።»

ትብለፅ እጇን ዘረጋች። ሃምሳ አለቃ አልዘረጉም። የሚያዩት እሷን ነበር፤ ለፋሲካ ብቻ የምታደርገውን ጫማ እንዳይቆሽሽባት አውልቃ ይዛዋለች፣ እግሯ አቧራ ጠግቧል። አንዲት ማንኪያ የማትለቅ ሴት ለሳቸው ብላ መነኩሴ ፊት ልትዋረድ መጥታለች።

«ተይው» አሉ። «ከእርስዎ ጋር ትሁን፣ አባቴ። ለኛ ይጸልዩልን።»

ከዚያ እጇን ያዟት። ወልድያ ላይ ሰው የሚስቱን እጅ አደባባይ የሚይዘው፣ እሱንም ሚዜ ገፋፍቶት፣ የሠርጉ ዕለት ነው። ሃምሳ አለቃ አውቶቡስ ሲሳፈሩም አለቀቋትም። ከመርሳ መውጫ ኬላው ላይ አብዮት ጠባቂው የይለፍ ወረቀታቸውን ተቀብሎ አነበበ።

«አባቴ፣ ወረቀቱ ሐራ ይላል፤ ሐራ በዚህ በኩል ነው እንዴ?»

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ወረቀት ወርደው የቀሩ ብዙ ናቸው።

«የለቅሶው ነገር ተሳስቶባቸው ነው» አለች ትብለፅ። «የሞተ መስሏቸው ነበር፤ አልሞተም።»

ጠባቂው የተያያዙትን ሁለት ሽማግሌ እጆች አየ። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወረቀቱን መለሰላቸው።

መኪናው ሲነሳ ትብለፅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። «ኧረ ይልቀቁኝ፣ ሰው ያየናል። የጨበጡት ይጨብጣል ሲሉ አልነበር?»

ሃምሳ አለቃ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ እጇን ጠበቅ አደረጉት።

«ይጨብጠኝ» አሉ።