ልጅቷ ምሳ በልታለች?

ፊልም ውስጥ ያለ ሰው በላ አልበላ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር፣ ግድግዳ የምጋራው ከእትዬ ዘነበች ጋር ነው።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ኤሲያቸው ተበላሽቶ እኔ ቤት መጡና አብረን ልብ አንጠልጣይ ፊልም ከፈትን። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ብቻዋን ትኖራለች፤ ማንንም ቤቷ አታስገባም። የተቆለፈው ክፍል ውስጥ ምን እንደደበቀች ለማወቅ ትንፋሼን ውጬ ተቀምጫለሁ።

«ምሳ በልታለች?» አሉ እትዬ።

«ኧረ ፊልም ነው!»

«ቢሆንስ? ጎረቤት የላትም? እኛ ሰፈር ብትሆን በማግስቱ በሯን ገንጥለን እንገባ ነበር።»

እውነታቸውን ነው፤ እኛ ሰፈር ፊልሙ አምስት ደቂቃ አይሞላም። በመጨረሻ ልጅቷ ቁልፉን በሩ ላይ ስትሰካ፣ እትዬ ብድግ ብለው ቴሌቪዥኑን ጋረዱት። አሁንስ በዛ!

«በእናትዎ ይቀመጡ!» ብዬ ጮኽኩ።

ማን ሰምቶኝ! ሄደው ፍሪጄን ከፈቱት። ከአንድ ጠርሙስ ውኃ በቀር ባዶ ነው።

«አንተም ለካ እንደሷ ነህ!»

እሳቸውን ተከትዬ ስነሳ ትዕይንቱ አልፎኝ፣ ልጅቷ የደበቀችውን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የእኔ ቤት መለዋወጫ ቁልፍ ግን እትዬ እጅ ገብቷል። ሳያንኳኩ ይገባሉ፤ ሰላምታቸውም «ምሳ በልተሃል?» ሆኗል።