የተሰናባች ዕቃ

በሌላው አገር ቅናሽ ወቅት አለው ይባላል። በዓል ሲደርስ የሱቁ መስታወት ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፋል፣ ሰዉ ይሰለፋል፣ ከዚያ የማያስፈልገውን ጫማ ታቅፎ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ውስጥ ግን ቀይ ወረቀት የለም። እዚህ ቅናሽ የሚመጣው ሰው ሲሄድ ነው። አንድ ፕሮጀክት ይዘጋል፣ የአንዱ ኮንትራት ሳይታደስ ይቀራል፣ በማግስቱ ሶፋውና የውሃ ማጣሪያው ከነምንጣፉ ማንጎ ዛፍ ሥር ወጥተው አየር ይቀበላሉ። እናንተም ወደዚህ ብቅ ብላችሁ ርካሽ ዕቃ ካማራችሁ፣ ሱቅ ለሱቅ አትንከራተቱ። ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰው ፈልጉ።

እኔ እፈልጋለሁ። የምሠራው አንድ የግንባታ ድርጅት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው፤ በሐበሻው ዘንድ የምታወቀው ግን በሥራዬ ሳይሆን “ታደሰ ቅናሽ” በሚለው ስሜ ነው። ለሰላምታ በር ሳንኳኳ “ኧረ እኛ አልሄድንም!” ብለው ከውስጥ የሚመልሱልኝ አሉ። አንዱን የቤተ ክርስቲያናችንን ወንድም ወባ ጥሎት ልጠይቀው ብርቱካን ይዤ ብሄድ፣ ከብርድ ልብሱ ቀና ብሎ “ቴሌቪዥኑን ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ” አለኝ። ብርቱካኑን ግን ተቀበለኝ።

ብታምኑኝም ባታምኑኝም ቋጣሪ አይደለሁም። የሰው ዕቃ ያስልመኛል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያገለገለ ወንበር ላይ ቁጭ ስል የማላውቀው ሰው ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ይታየኛል፤ ጠርዙ የተሸረፈ ሳህን ሳነሣ ባልና ሚስት በማን ሰበረው ሲነታረኩ እሰማለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዚህ እያለምኩ የስንቱን ትዳር ኖሬ ማታ ወደ ባዶ ቤቴ እመለሳለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው።

በዚህ ሕልም ውስጥ ሳላስበው ዘው ብላ የገባችው ሰላማዊት ናት። ነርስ ናት፤ በአንድ የውጭ ድርጅት የጤና ፕሮጀክት ትሠራለች፣ እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች። ቅዳሜ ጠዋት ኮኞ ኮኞ ገበያ የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ሲፈታ አብረን ነው የምንሄደው። እሷ ጨርቁን ትዳብሳለች፣ እኔ ዋጋውን እሰብራለሁ። አሰባበሬም አንድ ነው፤ የፈለገውን ያህል ቢጠሩልኝ “ውድ ነው” እላለሁ፣ አራት ነጥብ። በነፃ ውሰድ ቢሉኝም “ውድ ነው” ሳልል የምቀር አይመስለኝም። ስንጨርስ ወንዙ ዳር እንቀመጣለን። ነጭ ዓባይ በዚያ በኩል ሰፋ ብሎ፣ ቸኩሎ የማያውቅ መስሎ ወደ ሰሜን ያልፋል። እሷ የገዛችውን ሸሚዝ ዘርግታ ቁልፉን ትቆጥራለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ዝም አይነቅዝም ብዬ።

ታዲያ የፈሩት ይደርሳል፣ ፕሮጀክቷ ተዘጋ። አንድ ክሊኒክ ቢጠራት ደመወዙ ከድሮው በጣም ስላነሰባት እንቢ አለች፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ትኬት ቆረጠች። ወሬውን የነገረኝ ሰው ፊቱ እያበራ ነው። “ታዴ፣ እንኳን ደስ አለህ!” አለኝ። “የሰላማዊት ፍሪጅ ቅዳሜ ሊሸጥ ነው።”

ቅዳሜ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። እሷ የምትኖርበት ቡሉክ ሰፈር በሞተር እስክደርስ ድረስ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለማመድ ነበር፤ “አትሂጂ” የምትል። አጭር ናት፤ ሆኖም ስትከብድ!

ግቢው ውስጥ የማውቀው ቤት በሙሉ ማንጎው ሥር ወጥቷል። ቁም መስታወቱ ግንዱን ተደግፎ ሰማይና ቅጠል ያሳያል፤ አልጋው ላይ ጥላ ተኝቶበታል። እንደወትሮዬ ማን ኖረበት ብዬ ላልም ብሞክር አልመጣልኝም። የኖረችበት እዚያው ቆማለች። ጎረቤቷ ማማ ሮዝ፣ ምግብ ቤት ያላት ግዙፍ ሴትዮ፣ ፍሪጁን በክንዷ አቅፋ “ጋሊ! ጋሊ!” እያለች ታማርራለች። በጁባ ዓረብኛ ውድ ነው ማለቷ ነው።

“አንተም ለፍሪጁ ነው የመጣኸው?” አለችኝ ሰላማዊት፤ ፈገግታዋ ግማሽ ነበር። “ማማ ሮዝ ከጠዋት ጀምሮ እየተከራከረችኝ ነው።” ከዚያ ዋጋውን ጠራችና “አንተስ ምን ትላለህ?” አለችኝ።

አትሂጂ ልል አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ግን ስንት ዓመት የለመደችውን መንገድ ያዘች፤ ያዘችና መጨረሻው ላይ ሳተች።

“ውድ ነሽ” አልኳት።

ነው ለማለት ነሽ። ከአፍ የወጣ አፋፍ! አማርኛ የማትሰማው ማማ ሮዝ “ምን አለ?” ብላ በዓረብኛ ጠየቀቻት። ሰላማዊት ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ “ጋሊ” አለቻት። ይህ ቃል በእነሱም ዘንድ እንደ እኛው ነው፤ ለዋጋውም ለሚወዱት ሰውም ያገለግላል። ማማ ሮዝ ፍሪጁን አየች፣ እኔን አየች፣ ሰላማዊትን አየች። ማማረሯን አቆመች።

እኔ ደግሞ ጀግና ስላልሆንኩ ወጣሁ።

የገበያን ደንብ ታውቁታላችሁ። ገዢ ጥሎ ሲሄድ ሻጭ ከኋላው “ና እሺ፣ ና!” ይለዋል። እኔ ስንቴ በዚህ ዘዴ ዋጋ አስቀንሻለሁ! አሁን የምሬን ስሄድ ግን ጆሮዬ ብቻ ወደ ኋላ ቀረ። በሩን አለፍኩ፣ የምግብ ቤቱን ዳስ አለፍኩ፣ የጠራኝ የለም። ከጀበል ኩጁር ተራራ በኩል ደመና እየከበደ ነበር። እንዲህ ባዶ ሆኜ የተመለስኩበት ገበያ ትዝ አይለኝም፤ ራሴን አሳዘንኩት፣ እውነቴን ነው።

“ታል! ያ ሐበሻ፣ ታል!”

ማማ ሮዝ ናት፤ ና እያለች፣ እያለከለከች፣ በቁጣ ጦፋ ደረሰችብኝ። “ምንድነው ያልካት? ፍሪጁ ማፊ፣ የለም አለችኝ! አልጋው ማፊ! መስታወቱ ማፊ! ከጠዋት ጀምሮ የለፋሁት እኔ፣ አንተ በአንድ ቃል ገበያዬን ዘጋህብኝ!” ከዚህ ሌላም ብዙ ሰደበችኝ መሰለኝ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ስመለስ ሰላማዊት ፍራሹን ብቻዋን ወደ ቤት እየጎተተች ነበር። ጸጉሯ ላይ የማንጎ ቅጠል ወድቋል። ቀና ብላም አላየችኝ።

“ክሊኒኩ ጋ ሰኞ እደውላለሁ” አለች፣ ለፍራሹ የምትነግረው ይመስል። ቀጥላም፣ “ምን ትገተራለህ? ዝናብ ደረሰ፣ በዚያ በኩል ያዝ እንጂ!”

ያዝኩ። የደረሰኝ የፊተኛው ጫፍ ስለነበር የኋሊት ነው የሄድኩት፤ ደፉን፣ ደረጃውን፣ በሩን አላይም። እሷ ናት “ወደ ግራ፣ እግርህን አንሣ፣ ቀስ” እያለች ያስገባችኝ።