ጣሪያዋን ይዛ ሠርግ የሄደችው ትርንጎ

ሐሙስ ከሰዓት ትርንጎ ሕልም አየች። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም የሚል ካለ መብቱ ነው፤ እሷ ግን አየች።

አዳማ ባለው ምግብ ቤቷ በር ላይ የኢንሹራንስ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ከረባታቸውን አጥብቀው፣ የሚቀመጡበትን ወንበር ከየቤታቸው ተሸክመው መጥተዋል። ትርንጎ ሽንኩርቷን እየከተፈች በመስኮት አየቻቸው።

«እትዬ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ኢንሹራንስ ይግቡልን» አለ የፊተኛው።

«ነገ ኑ» አለች። «ሁለት ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍም ይዛችሁ ኑ።»

ይህን በማለቷ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ግን ደስታው አልቆየም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ እሷ እየመጣ ሲበላ ኖሯል፤ እሑድ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ምግቧ ወደ ሰው ሊሄድ ነው። አራት መቶ ሰው የተጠራበት ሠርግ ተቀብላለች። ከአራት መቶው አንዱን ሆዱን ቢቆርጠው፣ የፈላ ድስት ሰው ላይ ቢገለበጥ፣ ምግብ ቤቷ ተሽጦ ለካሣ ይሄዳል። ይህ ፍርሃት በሕልሟም አልለቀቃትም። የፊተኛውን ጠርታ አስገባችው።

«ሠርጉን ይሸፍናል?»

ሰውየው ውሉን ገልብጦ ከታች ወደ ላይ አነበበ። «የምንሸፍነው ከጣሪያዎ በታች የተበላውን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ? ጣሪያውን ይዤው እሄዳለሁ።»

አስተናጋጆቿ ቆርቆሮውን ከነማገሩ ነቅለው ተሸከሙት። ትርንጎና ድስቶቿ ከሥሩ ሆነው አስፋልቱን ያዙ። የኢንሹራንሱ ሰው ወረቀቱን ታቅፎ ይከተላል። ባጃጆች በሹፌሮቻቸው ጀርባ ላይ ተሳፍረው ያልፏቸዋል።

መንገድ ላይ ዶሮ ወጡ ክዳኑን ገፍቶ ብቅ አለ። «ቁሙ! የሚበሉኝ ሰዎች ተመርምረዋል?»

«የሚመረመረው ወጥ ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ?»

«ማን ሆድ ውስጥ እንደምገባ ሳላውቅማ ንቅንቅ አልልም።»

ትርንጎ ክዳኑን ደፍና ተቀመጠችበት። ከወጥ ጋር የምትከራከርበት ጊዜ አልነበራትም።

ሠርጉ ቤት ድስቶቹ መድረክ ላይ ወጥተው ተጨበጨበላቸው። ሙሽሮቹ ጓዳ ገብተው ሳህን ያጥባሉ። አራት መቶው እንግዶች ትሪ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ዶሮ ወጡም በማንኪያ እየዞረ ቀመሳቸው።

«እኚህ ጨው ያንሳቸዋል» አለ የሙሽራውን አጎት ቀምሶ። አጎትየው አንገታቸውን ደፉ።

ይኼኔ ነፋስ ተነሳ። ጣሪያው ከአስተናጋጆቹ እጅ አምልጦ ወደ ላይ ተነሳ፤ ትርንጎ ዘላ ጫፉን ያዘች። በሌላው እጇ የኢንሹራንሱን ሰው ከረባት ጨበጠች። ሁለቱም ተያይዘው ከመሬት ተነሱ።

«እትዬ፣ ይልቀቁኝ!»

«ሳትፈርም አልለቅህም!»

«እስክሪብቶ የለኝም!»

«በጣትህ ፈርም!»

ሰውየው እያለቀሰ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል፣

«እትዬ! እትዬ ትርንጎ!»

ነቃች። ኢንሹራንስ ቢሮ ማመልከቻዋን አስገብታ መልስ ስትጠብቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏት ኖሯል። መነጽር ያደረገ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ ከጠረጴዛው ማዶ ፈገግ ብሎ ያያታል።

«እንኳን ደስ አለዎት። ሠርጉ ተሸፍኖልዎታል» አላት። «ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ መኪናው፣ ሲጨፍር ወድቆ የሚሰበር ሰው እንኳ ሳይቀር።»

«ምግቡስ?»

«ምግቡን አይጨምርም።»

ትርንጎ ወረቀቱን አየችው። ተናደደች፤ ንዴቷም አበረታት። ነጠላዋን አጣፍታ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«እንግዲያው ምግቡን ይጨምሩልኝና እሄዳለሁ» አለችው። «እስከዚያው አልነሳም። እኔ እንደሆንኩ ምሳዬን በልቼ ነው የመጣሁት።»