የቀኝ ክንፍ ጥናት በአሶሳ

ክልላችን ከስሙ ይልቅ በቁጥሩ ይታወቅ በነበረበት በዚያ ታላቅ ዘመን፣ አሶሳ ከተማ ውስጥ ቢሮ ሁሉ ተቋቁሞ ነበር። የጎደለው ቤት ብቻ ነው። የእኛ ቢሮ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በመጋረጃ ተከፋፍሎ ይሠራ ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ጣሪያውን ስለሚደበድበው ስብሰባችንን የምናካሂደው እየተጯጯህን ነው። ይህም በሪፖርታችን ላይ «የሠራተኛው ተሳትፎ ሞቅ ያለ ነበር» ተብሎ ይመዘገባል።

በዚያ ዓመት ኮርኒስ ያለው አንድ አዲስ የብሎኬት ሕንፃ ተሠርቶ አለቀ። ያልፈለገው ቢሮ አልነበረም። የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ ካዩት በኋላ፣ ሕንፃው የቢሮዎች እግር ኳስ ውድድር አሸናፊ ለሚሆነው እንዲሰጥ ወሰኑ። ይህን ውሳኔ ያሙ ሰዎች አልጠፉም። እኔ ግን እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ፤ ኳስ ቢያንስ ዳኛ አለው።

የቢሯችን ኃላፊ አቶ ወንድምአገኝ ከመሃል አገር ተመድበው የመጡ፣ ሥራ ሳያጠኑ የማይጀምሩ፣ ካጠኑም በኋላ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ቡድኑን ራሳቸው አዋቀሩት፤ አሰልጣኝም አምበልም ሆኑ። ሌላው ቦታ ሁሉ ያለ ችግር ተሞላ። ያስቸገረው ቀኝ ክንፍ ነው፤ ለእሱ ሁለት ሰዎች ነበሩና።

አንዱ ሾፌራችን ሻዕባን ነው። የአሶሳ ልጅ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ኳስ ገፍቶ ሲያልፍ ተከላካዩ ቆሞ መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። ሌላው የንብረት ክፍሉ ዲንሳ ነው፤ የባምባሲ ልጅ፣ አጭር፣ ሳቂታ። እሱ ደግሞ አይሮጥም፤ ኳሷን እግሩ ሥር አድርጎ ሰውን ያስሮጣል። ሁለቱ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ። ከሥራ በኋላ ከገበያው ጀርባ ባለው ሜዳ ሲጫወቱ ከተማው ሁሉ ያያቸዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ሜዳው ዳር ቆሞ አይቶ ይመርጥ ነበር። አቶ ወንድምአገኝ እንዲህ ያለ ግድየለሽነት አያውቁም። በዓይን ማየት ለስሜታዊነት እንደሚያጋልጥ ነገሩንና የቀኝ ክንፍ መራጭ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጸሐፊው ቴዎ ሆነ፤ ከዩኒቨርሲቲ በስታትስቲክስ ተመርቆ በቅርቡ የመጣ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ እጅ ጽሑፉ ያማረ ወጣት። የዕቅድ ባለሙያዋ ወይዘሮ ጸሐይነሽም ገባችበት። እኔ መዝገብ ቤት ስለነበርኩ ከመጋረጃው ወዲያ ሁሉንም እሰማ ነበር።

በመጀመሪያ ሁለቱ ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። ጥያቄው የክንፍ ተጫዋችን ትርጉም፣ ተግባርና ኃላፊነት የሚመለከት ነበር። ሻዕባን አማርኛን ከበርታ ቋንቋው ቀጥሎ ተማሪ ቤት የለመደ ሰው ስለሆነ ቃል አያባክንም።

«ኳስ ወደ ዳር መጣ፤ እኔ ሮጥኩ» አለ።

ቴዎ «መልሱ አጭር፣ ጊዜውም ያለፈ» ብሎ መዘገበ። ዲንሳ በበኩሉ ሜዳ ወጥቶ ቢያሳያቸው እንደሚቀለው ተናገረ። ይህ ከጥያቄው ውጪ ስለሆነ ለእሱም ነጥብ አልተያዘለትም። በውጤቱም ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ ኮሚቴውም የጥናቱን አስተማማኝነት በዚህ አረጋገጠ።

ቀጥሎ የመስክ ጉብኝት ታዘዘ። የሻዕባን ሠፈር እዚያው ቢሮው አጠገብ ስለሆነ መጎብኘት አላስፈለገውም፤ አበል የለውማ። የዲንሳ አስተዳደግ ግን በቦታው ተገኝቶ መጠናት ነበረበት፤ ስለዚህ ኮሚቴው በቢሮው ቶዮታ ወደ ባምባሲ ተጓዘ። መኪናዋን የነዳው ሻዕባን ነው። ተወዳዳሪውን የሚያጠኑ ሰዎች ጭኖ ሲሄድ ቅር ብሎት እንደሆነ በኋላ ጠይቄው፣ ጭቃውን እንጂ ሌላ ነገር እንዳላሰበ ነግሮኛል። ያሰበውም አልቀረለትም፤ ባምባሲ መግቢያ ላይ መኪናዋ ሰጠመች። ለዕረፍት ቤተሰቡ ዘንድ የነበረው ዲንሳ ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ ሁለቱ ጫማቸውን አውልቀው እስክትወጣ ገፏት። የኮሚቴው አባላት ከጥላ ሥር ሆነው የመንገዱን ሁኔታ መዘገቡ።

የዲንሳ እናት ወይዘሮ ጠጂቱ እንግዶቹን በማርና በወተት ተቀበለች። ስለ ልጇ ተጠይቃ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ በእግሩ እንደሚመታ፣ ለዚህም ብዙ ጊዜ እንደገረፈችው ተናገረች። ሪፖርቱ «የቤተሰቡ መስተንግዶ አጥጋቢ ነው» አለ።

የውድድሩ ቀን ሲቃረብ የመጨረሻው ስብሰባ ተጠራ። አንዱን ብንመርጥ ሌላው ቅር ይለዋል የሚለው ሐሳብ ብዙ አከራከረ። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብላ የቆየችው ጸሐይነሽ ያን ዕለት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ሜዳው ሁለት ክንፍ የለውም ወይ? አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ለምን አናሰልፋቸውም?»

ዝናብ አልነበረም፤ ሆኖም ሁሉም ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ግራ ክንፍ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

አቶ ወንድምአገኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የግራው ቦታ በሰው የተያዘ ነው» አሉ በትሕትና።

የተያዘው በራሳቸው ነው። ሌላ አስተያየት እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ እሳቸው መፍትሔውን አመጡ። ሻዕባንና ዲንሳ ሁለቱም ተጠባባቂ ቢሆኑ ማንም በማንም አይበለጥም፤ ቀኝ ክንፍም ጉዳዩን ከማንም በላይ ያጠናው ሰው ይጫወትበታል። እሱም ቴዎ ነው። ቴዎ ኳስ ነክቶ እንደማያውቅ ለማስረዳት ሞከረ፤ ይህ ከአድልዎ ነፃ መሆኑን ያሳያል ተብሎ ተጨበጨበለት።

በመጨረሻው ግጥሚያ የገጠመን ጎረቤታችን የሆነው ቢሮ ነበር። በጨዋታው ዋዜማ ሁለት ተጫዋቾቻቸውን ወባ ጣላቸው። ኃላፊያቸው አቶ ኡመር መጥተው፣ ትርፍ ሰው ካለን እንድናውሳቸው በአክብሮት ለመኑ። አቶ ወንድምአገኝ በቢሮዎች መካከል ስላለው መልካም ትብብር ረዘም ያለ ንግግር አደረጉና ተጠባባቂዎቻቸውን ሰጡ፤ ትርፍ የነበሩት እነሱ ብቻ ናቸውና።

ጨዋታውን በዝርዝር አልናገርም፤ ያዘነ ሰው ብዙ አያወራም። የሜዳው ግራ በኩል የማንጎ ጥላ ስለነበረበት አቶ ወንድምአገኝ ቦታቸውን በሚገባ ጠብቀዋል። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ የሜዳ አቅጣጫ ሲለዋወጡ እሳቸው ከጥላው አልወጡም፤ ስለዚህ ሳያስቡት ቀኝ ክንፍ ሆኑ። ቴዎም እዚያው ስለነበር ሁለቱ ተገናኝተው ጥቂት ተወያዩ። በዚህ መሃል ሻዕባን በአንዱ ዳር፣ ዲንሳ በሌላው ዳር ይመላለሱ ነበር። አራት ለባዶ ተሸነፍን። ሻዕባን ሁለት፣ ዲንሳ ሁለት አገቡ፤ እዚህም እኩል ነበሩ። ሲያገቡ ግን አልጨፈሩም። አንገታቸውን ደፍተው ወደ መሃል ይመለሱ ነበር። ጸሐይነሽ እያየቻቸው እንባዋ መጣ።

ሕንፃው ለጎረቤቶቻችን ተሰጠ። እኛ ኃላፊያችን ይነሳሉ ብለን ስንጠብቅ እሳቸው ሪፖርት ጻፉ። ሪፖርቱ ውጤቱን አይጠቅስም፤ «በዕለቱ የተቆጠሩት ግቦች በሙሉ የቢሯችን ሠራተኞች ያስቆጠሯቸው ናቸው» ይላል። ሐሰት የለበትም። የበላይ አካላት አንብበው እጅግ ተደሰቱ፤ እንዲህ ያለ ሰው በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሊባክን አይገባም ብለውም ወደ አዲሱ ሕንፃ የሚገባውን የጎረቤቶቻችንን ቢሮ እንዲመሩ አዛወሯቸው። አቶ ኡመር ራቅ ወዳለችው ካማሺ ተላኩ፤ ማሸነፋቸውን ብቻ ስለጻፉ ሪፖርታቸው ትንተና ጎድሎታል ተባለ።

የአቶ ወንድምአገኝን ዕቃ አዲሱ ሕንፃ ድረስ ያደረሰው ሻዕባን ነው፤ እኔም መዝገባቸውን ታቅፌ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። መንገድ ላይ ልባቸው ተነካ መሰለኝ፣ ከመለየታቸው በፊት ቅር ያለው ነገር ካለ በግልጽ እንዲነግራቸው ጠየቁት።

«ምንም ቅር አላለኝም» አለ ሻዕባን። «ደስ ብሎኛል።»

«በእኔ መሾም ነው?»

«አዎ፣ ጌታዬ። በሚመጣው ዓመት እኛ እናሸንፋለን።»

«እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?»

ሻዕባን ማርሽ ቀየረ። «እርስዎ አሁን ለእነሱ ነው የሚጫወቱት» አለ።

አቶ ወንድምአገኝ ትከሻውን መታ መታ አድርገው አመሰገኑት።