የእትዬ ስንቄ አውጫጭኝ

ሌሊቱን ሙሉ ሞጣ ላይ ሲወርድ ያደረው የሐምሌ ዝናብ ያን ቅዳሜ ንጋት ላይ ቀጥ አለ። ሰማዩ ግን አልጠራም፤ ጉሙ ከቆርቆሮው ጣሪያ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ለፈንታነሽ መከራ የሆነባት የዝናቡ ማቆም ነው። ትንሽ ቢቀጥል ኖሮ ጭቃውን አጥቦ ይወስድላት ነበር። ባልዲዋን ይዛ ከክፍሏ ስትወጣ፣ ከሽንት ቤቱ እስከ እሷ በር ድረስ በለስላሳው ጭቃ ላይ አንድ የወንድ ጫማ፣ ግራና ቀኙን ሁለት ክብ ጉድጓድ፤ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ጫማ፣ ሁለት ጉድጓድ አየች። ከዱካው መሐል እትዬ ስንቄ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ቆመዋል።

“ደህና አደርሽ?” አሉ፣ ዓይናቸውን ከጭቃው ሳያነሱ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ ደህና አደሩ?”

“እኔማ ደህና ነኝ። ደህና ያላደረው ግቢው ነው።”

ሰው ተሰብስቦ የሚኖርበት ግቢ ሁሉ አንድ እትዬ ስንቄ አለው። ሉማሜ ተከራዩ፣ ደጀን ገብታችሁ ክፍል ያዙ፣ ቀድሟችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ። የሽንት ቤቱን መብራት ሳያጠፋ የወጣውን ያውቃል። የማን ጀሪካን ከማን ቀድሞ እንደተቀዳ፣ መጥረጊያውን ማን በጭራው አቁሞት እንደሄደ ያስታውሳል። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። መንግሥት ሲለወጥ እሱ አይለወጥም።

የሞጣው ግቢ የሰባት ሴቶች ነው። ሰባቱም በአንድ የማርያም ማኅበር የሚጠጡ ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት አከራይ ባስወጣቸው ቁጥር ፍራሽ ተሸክሞ መዞር ሲሰለቻቸው “ለምን አብረን አንኖርም?” ተባባሉና የአንድ ሟች ነጋዴን ግቢ በጋራ ያዙ። አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ ድስት፣ አንድ በር። ማብሰሉ በተራ፣ ውሃው በተራ፣ መጥረጉ በተራ። ክሊኒክ የምትሠራው ነርሷ ምስራቅ ደንቡን አሥራ አንድ አንቀጽ አድርጋ በደብተር ጻፈችውና በላስቲክ ተጠቅልሎ ወጥ ቤት ተሰቀለ።

እትዬ ስንቄ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ደውል መቺ ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት ውለው ፊደል አልቆጠሩም። ደንቡን ምስራቅ ሁለት ጊዜ አነበበችላቸው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል። ምስራቅ ራሷ አንዱን አንቀጽ ስታዛንፍ ያርሟታል። የሚያርሟትም “ጻፍሽው እንጂ አልያዝሽውም” እያሉ ነው።

ሽንኩርት ነጋዴዋ ባንቺዓለም አንድ ቀን ልጣጭ ቦይ ውስጥ ትታ ገባች። እትዬ ስንቄ ልጣጩን አንድ በአንድ ለቅመው፣ በሰሃን አድርገው፣ በነጠላ ሸፍነው፣ እንደ ሙሽራ ምሳ ክፍሏ ድረስ ይዘውላት ሄዱ። “ረስተሽው ነው” ብለው አስቀምጠው ወጡ። የንስሐ አባታቸው አንድ ማታ ጸበል ሊረጩ መጥተው ጨዋታ ያዙ። አንድ ሰዓት ሲሞላ እትዬ ስንቄ በአንድ እጃቸው የመስቀሉን እጀታ ይዘው እየተሳለሙ፣ በሌላው እጃቸው የግቢውን በር ከፈቱ። “ይፍቱኝ አባቴ” አሉ፤ “እኔ ምን አደረግሁ? ደንቡ ነው።”

ይህን ቃል በቀን አሥር ጊዜ ይሉታል። አንድ ጊዜ ሽሮው በራሳቸው ተራ አረረ። ማንም ሳይናገራቸው የሦስት ቀን ውሃ መቅዳት በራሳቸው ላይ ፈረዱና በስልሳ አራት ዓመታቸው ጀሪካን ተሸክመው ተመላለሱ። ፈንታነሽ ልታግዛቸው ብትጠጋ “ዞር በይ፤ ቅጣቴን አታበላሺብኝ” አሏት።

ፈንታነሽ ለእንዲህ ያለ ሰው ትዕግሥቷ ካለቀ ቆይቷል። ከስድስተኛ ክፍል የወጣች፣ በየሰዉ ቤት ልብስ ስታጥብ እጇ የተላጠ ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ “ይኼ አልጠራም፣ ያኛው ይደገም” ሲሏት ውላ፣ ማታ ግቢዋ ገብታ ደግሞ የሽንት ቤት ጫማ ቀኙን በግራ አስቀምጠሻል መባል ያንገፈግፋታል። ግን ትችለዋለች። ሌላ የምትሄድበት የላትም።

አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፤ ወንድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በግቢው አይገኝም፤ ያስገባች ትወጣለች። ይህ አንቀጽ ለቀልድ አልወጣም። በግቢው ሁለት ልብስ ሰፊ እህትማማቾች ይኖራሉ። በመጀመሪያው ዓመት የታናሽየዋ የቀድሞ ባል ሰክሮ መጥቶ ሁለት ጥርሷን አውልቆባት ሄደ። ያን ማታ ሰውየውን በመጥረጊያ እጀታ እየገፉ ከበር ያወጡት እትዬ ስንቄ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንቀጽ ሰባት ሲነሳ ማንም አይስቅም።

ፈንታነሽ ደግሞ ወንድ አስገብታለች።

ወንዱ ታናሽ ወንድሟ ይስማው ነው። ቢቸና ግንበኛ ሆኖ ሲሠራ ከቆመበት እንጨት ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጀሶ አደረጉለትና ስድስት ሳምንት እንዳይረግጥበት ነገሩት። አብረውት ክፍል የተከራዩት ልጆች ሥራው ሲቆም ተበታተኑ፤ ውሃ የሚያቀብለው አጣ። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ በተከፈተ ማግስት በአውቶቡስ ሞጣ ገባ። ቀኑ ኪዳነ ምሕረት ነበርና እትዬ ስንቄ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ፈንታነሽ በባጃጅ አምጥታ ክፍሏ ከተተችው፤ ከአልጋዋ ኋላ አንሶላ ጋረደችበት። የሚያውቀው ምስራቅ ብቻ ናት፤ የሕመም ማስታገሻ መርፌ የምትወጋው እሷ ስለሆነች። አራት ቀን ከድርሻዋ ግማሹን አበላችው። ይስማው ሳል ሲይዘው ትራስ ይነክሳል። “እታለም፣ ልሂድልሽ” ይላታል። “በየትኛው እግርህ?” ትለዋለች።

እንግዲህ ያ ዱካ የሱ ነው። ሊነጋ ሲል በዝናቡ ጩኸት ተማምኖ፣ በሁለቱ ክራንቹ እየተደገፈ ብቻውን ወጥቶ ነበር።

እትዬ ስንቄ ከጭቃው ዞር አሉና በግቢው መሐል የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ሦስት ጊዜ መቱት። ሁሉም ከየክፍሉ ወጣ። የበሩን ቁልፍ አዙረው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

“አውጫጭኝ ነው” አሉ።

ድሮ በገጠሩ ከብት ሲሰረቅ ወይም እህል ሲቃጠል አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሰው አንድ በአንድ እየተጠራ ያየውን በጆሮ ይናገራል። የተናጋሪው ስም አይነሳም፤ “ወፍ ነገረን” ይባላል። እትዬ ስንቄ በልጅነታቸው አባታቸው ተሰብስበው ሲውሉ ያዩትን ይህን ሥርዓት ነው ሞጣ ከተማ ውስጥ፣ ሮቶና የመብራት ቆጣሪ ባለበት ግቢ ያመጡት።

“እትዬ ስንቄ፣ የቅዳሜ ገበያ ሰው አይጠብቅም” አለች ባንቺዓለም። “ሽንኩርቴ ቢበሰብስ ወፏ ትተካልኛለች?”

“ወፏ ሽንኩርት አትበላም። ተቀመጪ።”

“እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ተረኛ ነኝ” አለች ምስራቅ።

“እንግዲያው አንቺ ቅደሚ።” ወደ ወጥ ቤቱ ገቡ፤ ምስራቅ ተከተለቻቸው።

ፈንታነሽ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ባልዲዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ምስራቅ ወጣች፤ ፊቷ ቀልቷል፤ ፈንታነሽን አላየቻትም። ባንቺዓለም ገባች፤ ወጣች፤ እሷም አላየቻትም። ታላቂቱ ልብስ ሰፊ ገባች። ታናሽየዋ ገባች፤ እሷ ከሁሉም ቆየች። ፈንታነሽ የወለቁትን ጥርሶቿን አሰበችና ‘ይቺማ ትናገራለች፤ ብትናገርም እውነቷን ነው’ አለች በልቧ። ከክፍሏ የታፈነች ሳል ተሰማች። በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፈንታነሽ ይህን ልብ አላለችም፤ የምታስበው ጀሶው በዝናቡ ፈርሶ ይሆን የሚለውን ነበር። ከዚያ መቁጠሪያ ከእጇ የማይለየው ባልቴቷ አገሬ ገባች። በመጨረሻ እሷ ተጠራች።

እትዬ ስንቄ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እንዲህ ደክሟቸው አይታቸው አታውቅም።

“ወንዱ የኔ ነው” አለች ሳትቀመጥ። “ወንድሜ ነው። እኔ እወጣለሁ። እሱ ግን ጀሶው እስኪፈታ—”

“ተቀመጪ። አትሩጪ።” ከዚያ ጣታቸውን እየቆጠሩ ይናገሩ ጀመር። “ምስራቅ ገብታ፣ እጮኛዬ ነው፣ ከባሕር ዳር መጥቶ ነው አለችኝ። ባንቺዓለም፣ ሽንኩርት የሚጭንልኝ ነው፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት አለች። ታላቂቱ ልብስ ሰፊ፣ የኔ ነው፣ ለእህቴ አይንገሩብኝ አለች። ታናሽየዋ ደግሞ፣ ባሌ ነው፣ ታርቀናል አለችኝ። ዓይን ዓይኔን እያየች። ያ ሰውዬ መተማ ከወረደ ዓመት አልፎታል።”

ፈንታነሽ አሁን ገና ተቀመጠች።

“አገሬ” አሉ እትዬ ስንቄ፤ “አገሬ እንኳ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ የኔ ነው አለችኝ። ምንሽ ነው? ብላት፣ እሱን እግዜር ያውቃል አለች። በአውጫጭኝ አጥፊ ሲጠፋ ሰምቻለሁ። አጥፊ ሲተርፍ ይኼ መጀመሪያዬ ነው።”

“ሁሉም ያውቁ ነበር?”

“እንዲያ የሚያስለው እኮ በሬ አይደለም፤ ሰው ነው። ምን እያበላሽው ነው?”

“ከድርሻዬ።”

“ለዚህ ነው ፊትሽ የገረጣው። በይ ተነሺ።”

ግቢው መሐል ቆሙ። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። እያንዳንዷ ብቻዋን የዋሸች መስሏታል።

“ወፏ ብዙ አወራች” አሉ እትዬ ስንቄ። “አጥፊዋ ግን አልተለየችም። በአባቶቻችን ሥርዓት አጥፊው ካልተለየ አገሩ በሙሉ ይከፍላል። ስለዚህ ስድስታችሁ በተራ አንድ አንድ ቀን ታበሉታላችሁ፣ ታጥቡለታላችሁ። ሰባተኛው ቀን የኔ ነው፤ እኔም የአገሩ ሰው ነኝ።”

“ሰውየውስ?” አለች ባንቺዓለም። “ይወጣል?”

“እሱ ኤግዚቢት ነው። ጉዳዩ ሳያልቅ ኤግዚቢት ከግቢ ሲወጣ የት አይተሻል? ጉዳዩ የሚያልቀው ጀሶው ሲፈታ ነው። እስከዚያ በኔ ክፍል፣ በሩ አጠገብ፣ በጥበቃ ሥር ይቆያል።”

ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ በነጠላዋ አፏን ሸፍና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደባት። እህቷ አቀፈቻት። እትዬ ስንቄ ቁልፉን ከጉያቸው አውጥተው በሩን ከፈቱ። “ምን ታዩኛላችሁ? እኔ ምን አደረግሁ? ደንቡ ነው።”

በዚያ ቀን እትዬ ስንቄ ትራሳቸውን ታቅፈው ፈንታነሽ ክፍል ገቡ። ይስማው በእሳቸው አልጋ ተኛ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ክፍሉን ከውጭ ይቆልፉበታል፤ ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በኋላ በግቢው ወንድ አይገኝም፣ ያለው ኤግዚቢት ነው። ከመቆለፋቸው በፊት ግን ወተቱን ያስገቡለታል።

“እትዬ ስንቄ፣ ይግባኝ የለውም?” ይላቸዋል ይስማው።

“ጀሶህን ጠይቅ። ጠጣ።”

ጳጉሜ ላይ ጀሶው ተፈታ። እግሩ ቀጠነ እንጂ ቀጥ ብሎ ገጥሟል። መስከረም ሲጠባ ቢቸና ተመለሰ፤ ግንብ ይሠራል፤ ከፍ ያለ እንጨት ላይ አይወጣም። አንቀጽ ሰባት እንደተጻፈ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሏል፤ አንድም ቃል አልተነካም።

እትዬ ስንቄ ወደ ክፍላቸው አልተመለሱም። በሩ አጠገብ ያለው ብርድ ለጉልበቴ አልተስማማም ይላሉ። ፈንታነሽ ልብስ ስታጥብ ለምትውልባቸው ሴቶች ስታማቸው ትውላለች፤ ያንኮራፋሉ፣ በእንቅልፋቸው “ተራው የማን ነው?” ይላሉ፣ ብርድ ልብሱን በትክክል ለሁለት አካፍለው ድርሻዋን ይለኩላታል። ሴቶቹ “ታዲያ ለምን ተመለሱ አትያቸውም?” ሲሏት ልብሱን ጨምቃ ታሰጣዋለች።

እትዬ ስንቄ አሁን ሞጣ ናቸው። የሚተኙት ፈንታነሽ ክፍል፣ አልጋዋ ላይ፣ በግድግዳው በኩል ነው።